እርሳስ በስሙና በባሕርዩ

በአማርኛ «እርሳስ» የሚለው ስም ብረቱንም መጻፊያውንም ይጠራል። ይሁን እንጂ መጻፊያው የያዘው ግራፋይት የካርቦን ዓይነት መሆኑን የስዊድኑ ኬሚስት ካርል ሺሌ በ1779 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። የሁለቱ ዝምድና በሌላ በኩል ነው፤ ከሲሊከን፣ ከጀርማንየምና ከቆርቆሮ ጋር የአንድ ምድብ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

ሁሉም በውጨኛው ምሕዋራቸው አራት ኤሌክትሮኖች አሏቸው። ካርቦን አራቱንም ከሌሎች አተሞች ጋር በመጋራት ይተሳሰራል። ቆርቆሮ በሁለቱም ሆነ በአራቱ ውሕድ ይሠራል፤ እርሳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ሰጥቶ ሁለቱን ያስቀራል። ይኸው ሁለት ሙል ያለው አዮን ወደ ሰውነት ሲገባ የካልሲየምን ቦታ እየተካ በአጥንት ይከማቻል፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል።

ነጩ የእርሳስ ቀለም ለዘመናት የቤት ጌጥ ሆኖ ኖሯል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1921 እ.ኤ.አ. ይህን ቀለም ለሕንፃዎች የውስጥ ቅብ መጠቀምን በመሠረቱ የሚከለክል ስምምነት አወጣ። ኢትዮጵያም በ2018 እ.ኤ.አ. በደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደነገገች።

እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉት አዳዲስ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የውስጡን ቅብ መርጦ የሚያሠራው ብዙውን ጊዜ ቤቱን የተረከበው ቤተሰብ ነው። ዓይን የሚለየው ንጣቱን ብቻ ነውና፣ ደንቡ ለሕፃናቱ ጥበቃ የሚሆነው ኬሚስቱ ናሙናውን መርምሮ የእርሳሱን መጠን ሲያሳውቅ ነው።