ባቡርና የጉለሌ ቁልቁለት

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊስ ተወላጁ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ያሠራ ዘንድ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፥ ሐዲዱ በሦስት ክፍል እንዲዘረጋ ተወስኖ ነበር፤ ይኸውም አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ነው። ዳሩ ግን ባቡር ሐረርንም እንጦጦንም ሳያይ ቀረ፤ የነጭ ዓባይንማ ነገር ማንሣት አያስፈልግም።

ሐረር በደጋ ላይ ስለ ሆነች ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ በቆላው፥ በድሬዳዋ ቆመ። ድሬዳዋ በጥቂት ዓመታት የነጋዴ ከተማ ስትሆን፥ የሐረር ንግድ ቀስ በቀስ ወደ እርስዋ ወረደ። መንገድ ሀገርን ያበለጽጋል የሚሉ ሰዎች እውነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን አልፎት የሄደውን ስፍራ አይቈጥሩም።

ፊተኛው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ከተተካ በኋላ፥ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሲራራ ነጋዴ ከአንድ ወር በላይ የሚጓዝበት መንገድ በሦስት ቀን የሚፈጸም ሆነ፤ ያውም ባቡሩ ሌሊት ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ነው። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ወረደ፤ ቆርቆሮ፥ አቡጀዲና ክር ወደ ደጋ ወጣ።

ሐዲዱ ግን በከተማው ግርጌ በለገሃር አበቃ። በእንጦጦ ሥር ያለው ጉለሌ ከጎጃምና ከሰላሌ ለሚመጣው ነጋዴ መግቢያ ነበረ፤ ጭነቱም በአጋሰስና በአህያ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። የባቡሩ በረከት ጉለሌ የደረሰው በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እጅ ነው፤ ድሩ በፋብሪካ የተፈተለ የባሕር ማዶ ክር፥ ማጉ በሴቶች እጅ የተፈተለ የሀገር ጥጥ ሆነ። ምእመናን ለብሰውት ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት ነጠላ እንደዚህ ያለ ነው።

ጉለሌም በምላሹ ለከተማው ማገዶ ሰጠ። እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር በ1893 ዓ.ም. ገደማ ታስቦ ነበር፤ ያስቀረውም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ ባይበቅል ኖሮ ባቡሩ ከማን ከተማ ይገባ ነበር? ይህንም ማገዶ ከእንጦጦ ያወረደው ሐዲድ አይደለም፤ የሴቶች ጀርባ ነው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የአዲስ አበባ ጣቢያውን በለቡ አድርጎአል፤ ለቡም ለጉለሌ ከለገሃር ይልቅ ይርቃል። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ዛሬም ያንኑ ቁልቁለት ጐንበስ ብለው ይወርዳሉ።