«መሠረት የላቸውም!»፦ የኮሌጅ ሒሳብና የተረሳው ጥያቄ



በስቶክሆልም ዳርቻ በምትገኘው ብሬዴንግ ሐበሾች ተሰባስበን ስለ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ስንጨዋወት፣ የሒሳብ ነገር ሲነሳ ወሬው የሚዘጋው በአንድ ፍርድ ነው፤ «ተማሪዎቹ መሠረት የላቸውም!» እኔ ግን ይህን የመሰለውን ፍርድ ታሪክ ከአንድም ሁለት ጊዜ ውድቅ አድርጎታል ባይ ነኝ።

ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከተማ እንጀምር። ሩሲያዊቷ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ እ.ኤ.አ. በ1874 ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬት ብታገኝም፣ ሴት በመሆኗ የሚቀጥራት ዩኒቨርሲቲ ጠፋ። በ1884 በስቶክሆልም ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች፤ በ1889 ቋሚ ፕሮፌሰር ሆነች። በነዚያ አሥር ዓመታት የጎደለው በር የሚከፍትላት እንጂ ችሎታ አልነበረም።

ይሁንና በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። በ1970ዎቹ በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ይወድቁ ነበር። መምህራኑ ምክንያቱን ሲጠየቁ የፍላጎት ማጣት፣ የዝግጅት ማነስ፣ የቤተሰብ ድጋፍ እጦት፣ ድህነት እያሉ ደረደሩ። ተመራማሪው ዩሪ ትራይስማን ግን ግምቱን ትቶ 20 ጥቁሮችና 20 የቻይና ተወላጆች እንዴት እንደሚያጠኑ በቅርብ ተከታተለ። ጥቁሮቹ በትጋት ቢያጠኑም ከሞላ ጎደል ሁሉም ለየብቻቸው ነበሩ፤ ቻይናውያኑ ግን ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርም ነበር። ትራይስማን ከበድ ያሉ ጥያቄዎች በጋራ የሚሠሩበት የጥናት ቡድን አቋቋመ፤ ውጤቱም ተሻሻለ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ተለወጠ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ በሆኑበት በዛሬው ዘመንም ያው ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም ልጅ ያላለፈበት ትምህርት ቤት የሚናገረው ስለ ልጆቹ ነው ወይስ ስለ ትምህርት ቤቱ? ካላለፉት ብዙዎቹ ሬሜዲያል በተባለው ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብን ጨምሮ የማካካሻ ትምህርት ወሰዱ።

እነዚህን ወጣቶች የሚያጠና ተመራማሪ ምን ይጠይቅ? የወንድና የሴትን፣ የከተማና የገጠርን ውጤት ማነጻጸር ክፍተቱን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ማን ከማን ጋር ያጠናል? መምህሩ ወደ ሰሌዳው የሚጠራው ማንን ነው? ሒሳቡ ገብቶት እንግሊዝኛው ያደናቀፈው ስንቱ ነው? ኮሌጁ ራሱ ሳይጠና ተማሪው ብቻ ቢጠና፣ ጥናት የሚባለው በተከሳሹ ላይ ብቻ የተሰማ ምስክርነት ይሆናል።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞ የገባው ደቀ መዝሙር ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። ስለዚህ በርክሌይ ላይ የተደረሰበት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በየዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩና የምታማክሩ ወገኖቼ ሆይ፣ «ምን ጎደላቸው?» ከማለታችን በፊት «ምን አጎደልንባቸው?» ብለን እንጠይቅ። የሚቀጥለው ጥናት ከዚህ ቢጀምር፣ ፍርዱ ሳይሰሙ በተፈረደባቸው ልጆች ላይ አይጸናም።

ቸር ያሰማን።

ከብሬዴንግ፣ ስቶክሆልም