ወፈር ያለ የቅመም ሻይ ያለ ስኳር፦ አዘገጃጀቱ፣ የካርቦሃይድሬት መጠኑና ጥንቃቄዎቹ

ብዙ የስኳር ሕመም ታካሚዎች «ጣፋጭ ነገር ይወስዳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «ኧረ በፍጹም» ብለው ይመልሳሉ። «ሻይስ?» ሲባሉ ግን «ሻይማ እጠጣለሁ፣ ሦስት ማንኪያ ብቻ ነው የማደርገው» ይላሉ። ሻይ በቤታችን እንደ ጣፋጭ ስለማይቆጠር በውስጡ የሚገባው ስኳርም ሳይቆጠር ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ የስኳር ሕመም ላለባቸው፣ ክብደት ለመቀነስ ለሚፈልጉና ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ በሐኪም ለተነገራቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ወፈር ያለና ጣዕሙ የሞላ የቅመም ሻይ ያለ ስኳር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በአንድ ብርጭቆ ምን ያህል ካርቦሃይድሬት እንዳለውና እነማን ሊጠነቀቁ እንደሚገባ ያብራራል።

በሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ምን ያህል ነው?

አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሞልቶ ከተጨለፈ ከ5 ግራም ሊበልጥ ይችላል። ሦስት ማንኪያ ማለት ቢያንስ 12 ግራም ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው ከሻይ ብቻ 48 ግራም ስኳር ይወስዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከውጭ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ አዋቂ ይህ 50 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው። ስለዚህ ሻዩ ብቻውን የቀኑን ገደብ ሊሞላው ተቃርቧል ማለት ነው።

በፈሳሽ መልክ የሚወሰድ ስኳር በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። ሻይ የሚጠጣው ደግሞ በአብዛኛው በምግቦች መካከል ስለሆነ ከምግብ በኋላ መውረድ የጀመረው የደም ስኳር እንደገና ይወጣል።

ማር ቢሆንስ? ማርም ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 6 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ይህም ከአንድ ልሙጥ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል። በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያዘወትሩት ከረክ ሻይ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ከተዘጋጀም አንድ የሾርባ ማንኪያ የዚህ ወተት 11 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይጨምራል።

ስኳሩ ሲወጣ ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

ስኳር ብቻ የወጣበት ሻይ ለለመደ ሰው ጎምዛዛና ቀጭን ይመስላል። ብዙዎች በሁለተኛው ቀን ወደ ስኳሩ የሚመለሱት ለዚህ ነው። መፍትሔው የወጣውን ጣዕም በሌላ መተካት ነው። ቀረፋና ሄል ስኳር ባይኖራቸውም ሽታቸው ጣፋጭነትን ያስታውሳል። ዝንጅብልና ቅርንፉድ ሙቀት ይሰጣሉ። ወተትና ክሬም ደግሞ የሻዩን ምሬት አለስልሰው መጠጡን ያወፍሩታል።

አዘገጃጀት (ለሁለት ሰው)

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦

- 2 ብርጭቆ ውሃ (400 ሚሊ ሊትር ያህል)
- የጣት ርዝመት ያለው 1 እንጨት ቀረፋ
- 4 ፍሬ ቅርንፉድ
- 4 ፍሬ ሄል፣ በሙቀጫ ገጨት ገጨት የተደረገ (በኮረሪማም መተካት ይቻላል)
- የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዝንጅብል፣ ታጥባ በስሱ የተከተፈች
- 2 የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠል
- ግማሽ ብርጭቆ (100 ሚሊ ሊትር) ክሬሙ ያልወጣለት ወተት፣ ቀድሞ የፈላ
- 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው ክሬም (ካልተገኘ ሊቀር ይችላል)

አሠራር፦

1. ውሃውን ከቅመሞቹ ጋር ጥደው ከፈላ በኋላ እሳቱን ይቀንሱ። ከድኖ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ማብሰል የቅመሙን ጣዕም በደንብ ያወጣዋል።
2. ሻይ ቅጠሉን ጨምረው 3 ደቂቃ ብቻ ያቆዩ። ከዚህ በላይ ከቆየ ይመርራል፤ ምሬቱ ደግሞ ስኳር ያስመኛል።
3. ወተቱን ጨምረው ግልብጥ ሳይል እንዲሞቅ ያድርጉ።
4. ከእሳት አውርደው ያጥልሉ፤ ክሬሙን በመጨረሻ ጨምረው ያማስሉ።
5. ጥቂት ደቂቃ በረድ ሲል ይጠጡ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ መጠጥን የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል በሚገመተው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ የሚፋጅ ሻይ አይጠጡ።

በአንድ ሰው ድርሻ ያለው መጠን፦ 3 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 80 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። ክሬሙ ከቀረ ካሎሪው ወደ 30 ይወርዳል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ግማሽ በግማሽ የወተት ሻይ ግን በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ወደ 18 ግራም ካርቦሃይድሬት ሊኖረው ይችላል።

ወተቱን ከዚህ በላይ ሲጨምሩ መጠኑን ልብ ይበሉ። ወተት በተፈጥሮው ስኳር (ላክቶስ) ስላለው 100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ቅባቱ የወጣለት ወተትም ቅባቱ እንጂ ስኳሩ አልቀነሰም።

ከገበሬ ወይም ከጎረቤት የሚገዛ ጥሬ ወተት በደንብ መፍላት አለበት። ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ።

ለጾም ቀን፦ በለውዝ የተዘጋጀ

ወተት በማይጠጣባቸው ቀናት ቅመሞቹን ከላይ በተገለጸው መንገድ ያለ ሻይ ቅጠል ያፍሉና ያጥልሉ። በአንድ ብርጭቆ ትኩስ የቅመም ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያልተጨመረበት የለውዝ ቅቤ ጨምረው እስኪዋሃድ ድረስ በደንብ ይምቱት። ካርቦሃይድሬቱ ከ3 እስከ 4 ግራም፣ ኃይሉ 95 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሆን 4 ግራም ያህል ፕሮቲንም ይገኝበታል።

የታሸገ የለውዝ ቅቤ ሲገዙ ስኳር እንዳልተጨመረበት ጽሑፉን ያንብቡ። በቤት የሚያዘጋጁ ከሆነ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ለውዝ ለቅመው ይጣሉ፤ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላትም ሆነ በማፍላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን መጠጥ በፍጹም መውሰድ የለበትም።

ማጣፈጫ መጠቀም ይቻላል?

እንደ ስቴቪያ፣ ሱክራሎስና ሳካሪን ያሉ ማጣፈጫዎች ራሳቸው የደም ስኳርን አይጨምሩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህን ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን ባይመክርም፣ ምክሩ ቀድሞውኑ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። የስኳር ሕመምተኛ በመጠኑ ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ምላስን ከጣፋጭ ማላቀቅ ይሻላል። አስፓርቴም ሲፈላ ጣፋጭነቱን ስለሚያጣ ሻዩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመራል።

ስኳርን በአንድ ጊዜ ማቆም ለከበደው ሰው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ጥሩ ዘዴ ነው። ከሦስት ማንኪያ የተነሳ ሰው በስድስት ሳምንት ወደ ዜሮ ይደርሳል።

ቀረፋ መድኃኒት ነው?

ቀረፋ የደም ስኳርን ይቀንሳል ተብሎ በሰፊው ይነገራል። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው፤ ለውጥ ታየ በተባለባቸውም ቀረፋ መድኃኒትን የሚተካ ሆኖ አልተገኘም። ቅመም ጠጣሁ ብሎ ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን ማቆም አደገኛ ነው። ሻዩ የሚጠቅመው በዋናነት ስኳሩን ስላስቀረ ነው።

በገበያ በብዛት የሚገኘው ካሲያ የሚባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። በሻይ ውስጥ አንድ እንጨት ጨምሮ አውጥቶ መጣል ችግር የለውም። የተፈጨ ቀረፋን በየቀኑ በማንኪያ መዋጥ ግን አይመከርም፤ በተለይ የጉበት ሕመም ላለበት ሰው።

ስኳር ሲወርድ ይህ ሻይ አይሠራም

ይህን ክፍል ታካሚው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም ሊያነበው ይገባል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያሉ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መነጫነጭና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ሻይ ስኳር የሌለው ከሆነ አይረዳውም። ወተቱና ክሬሙ የያዙት ቅባትም የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። የሚከተለውን ያድርጉ፦

- በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሞላ ያሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር (15 ግራም ያህል) በጥብጠው ወዲያው ያጠጡ።
- ከ15 ደቂቃ በኋላ የደም ስኳሩን ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት።
- ሲሻለው ምግብ ይብላ።
- ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አይጨምሩ። በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ስለዚህ ለሻይ ስኳር መጠቀም ብታቆሙም ስኳር ከቤት አይጥፋ።

ሻዩን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር ያለባቸው

- ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስዱ፦ በቀን 50 ግራም ስኳር በድንገት ሲቀር የመድኃኒቱ መጠን ሊበዛባቸው ስለሚችል መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።
- ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚወስዱ፦ ከሻዩ አልፈው ሌላውንም ካርቦሃይድሬት በጣም ከቀነሱ ኪቶአሲዶሲስ ለተባለ አደገኛ ሁኔታ ሊጋለጡ ይችላሉ።
- የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለባቸው፦ ፈሳሽ በልክ እንዲጠጡ ከተነገራቸው ሻዩም ይቆጠራል። ወተትና ለውዝ ፖታሲየምና ፎስፈረስ አላቸው።
- ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ፦ ክሬሙን ትተው በወተት ብቻ ቢያዘጋጁት ይሻላል።
- ዋርፋሪን የሚወስዱ፦ ዝንጅብልን በብዛት ከመጠቀም ይቆጠቡ።
- ነፍሰ ጡሮች፦ አንድ ብርጭቆ ሻይ 40 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ሊኖረው ይችላል። ከቡና ጋር ተደምሮ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ጤና አዳም በእርግዝና ጊዜ አይጨመርም።

ሻይና መድኃኒት

ሻይ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዳይወሰድ ያደርጋል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ሻዩን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቆ ይጠጣ። የብረት እንክብልንም በሻይ ወይም በወተት አይዋጡ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ከወተት ጋር ሲወሰዱ ኃይላቸው ይቀንሳል። የእንቅርት መድኃኒት (ሌቮታይሮክሲን) በባዶ ሆድ በውሃ ተውጦ ሻዩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠጣል።

ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በብዙ ቤት ስኳሩ የሚጨመረው ሻዩ ገና ማንቆርቆሪያው ውስጥ እያለ ነው። እንዲህ ከሆነ ታካሚው ወይ ጣፋጩን ይጠጣል፣ ወይ ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። ቀላሉ መፍትሔ ለሁሉም ያለ ስኳር አፍልቶ ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የፈለገ ለራሱ ይጨምራል። እንግዳ ስንሆን ደግሞ «ያለ ስኳር ይሁንልኝ» ማለት ነውር አይደለም። አስተናጋጁም «ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ» ብሎ ባያስጨንቅ ታካሚውን ረዳው ማለት ነው።

ከሻዩ ጋር የሚቀርበውንም አይርሱ። 30 ግራም የምትመዝን አንድ ቁራጭ ዳቦ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አላት። ሻዩ ያለ ስኳር ሆኖ በቦንቦሊኖ ወይም በብስኩት ከተጠጣ የተቆጠበው ስኳር በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ለእርስዎ እንደሚስማማ እንዴት ያውቃሉ?

የስኳር መለኪያ ካለዎት ሻዩን ብቻውን ከመጠጣትዎ በፊትና ከጠጡ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ይጻፉ። በሌላ ቀን በተለመደው ሰዓት የተለመደውን ሻይ ጠጥተው እንዲሁ ይለኩና ያነጻጽሩ። ልዩነቱን በራስዎ ቁጥር ሲያዩት ለውጡን ማስቀጠል ይቀላል። ደብተሩንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ የመድኃኒትዎን መጠን ለመወሰን ይረዳዋል።

የደም ስኳርዎ በተደጋጋሚ ከ70 በታች ከወረደ፣ ወይም ከፍተኛ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ መፍጠን ካጋጠመዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ።