የወባ ተውሳክ ማዕድ፦ ከጉለሌ የሚጀምር ታሪክ



የወባን ታሪክ ስንጽፍ ስለ ትንኝ፣ ስለ ዝናምና ስለ ዲዲቲ እንጽፋለን። እኔ ዛሬ ስለ ተውሳኩ ምግብ መናገር እሻለሁ። ዘመናቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እዚሁ ጉለሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ነበር። ሰፈሩ ዛሬም «ፓስተር» ይባላል፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የዚያ ተቋም ወራሽ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1958 ክረምትና መኸር፣ ወባ ብዙም ወደማይታይበት ከፍታ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተመሠረተ።

ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ የሚመረምር ባለሙያ በበሰለው ተውሳክ ውስጥ ቡናማ ጥቁር ቅንጣት ያያል። አልፎንስ ላቬራን በ1880 በአልጄሪያዋ ኮንስታንቲን ተውሳኩን ለማግኘት የበቃው ይህንኑ ቅንጣት ሲከታተል ነው። ቅንጣቱ የማዕድ ትራፊ ነው። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም አብዛኞቹን አሚኖ አሲዶች ራሱ መሥራት ስለማይችል፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ሄሞግሎቢኑን እየጎረሰ ወደ መፍጫ ከረጢቱ ያስገባል። ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፤ መርዛማው ሄም ክሪስታል ሆኖ ይቀመጣል። ማዕዱ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የለውም። ስለዚህ ተውሳኩ የሕዋሱን ሽፋን አሳላፊ አድርጎ አይሶሉሲንን ከደም ፈሳሽ ያስገባል። ቤቱን ከውስጥ እየበላ የጎደለውን ቅመም ከጎረቤት የሚያስመጣ እንግዳ ነው፤ ምሳሌው ቢያስቅም ነገሩ ይኸው ነው።

ክሎሮኪን ሄሙ ክሪስታል እንዳይሆን ይከለክላል፤ ተውሳኩ በገዛ ምግቡ ይመረዛል። መድኃኒቱ የከሸፈውም በዚያው ማዕድ ላይ ነው። የተፈጨውን የፕሮቲን ቁራጭ ከከረጢቱ የሚያወጣው በር ቅርፁ ሲለወጥ፣ ክሎሮኪኑንም አብሮ ማስወጣት ጀመረ። ኢትዮጵያ በ1998 ወደ ሱልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን፣ በ2004 ወደ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ተሻገረች።

የኋለኛውም መድኃኒት ከማዕዱ አልራቀም። አርቴሚሲኒን የሚነቃው ሄሞግሎቢን ሲፈጭ በሚለቀቀው ሄም ነው። በ2016 ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ «አር622አይ» የተባለ ለውጥ ኬልች13 በተሰኘው ፕሮቲን ላይ ተዘገበ። ይህ ፕሮቲን ተውሳኩ ሄሞግሎቢን በሚጎርስበት ሂደት ውስጥ እጅ እንዳለው በ2020 ታወቀ። መድኃኒት የሚያስቋቁሙት ለውጦች ተውሳኩ በለጋነቱ ጥቂት እንዲጎርስ ያደርጋሉ፤ ጥቂት የጎረሰ መድኃኒቱን ጥቂት ያነቃል። ጾሙ ግን ዋጋ ያስከፍለዋል። ከካምቦዲያ የተወሰዱ ተውሳኮች አሚኖ አሲድ በጎደለው ማሳደጊያ ውስጥ አቅማቸው ሲዳከም ታይቷል። የእኛውን «አር622አይ» የተሸከመውንም ተውሳክ በዚሁ መንገድ፣ ምግብ እየቀነሱ፣ መፈተን ይገባል ባይ ነኝ።