መጅና ሞተር፦ የፈጪዋ እንጉርጉሮ በማክሰኝት

ስለ ቃል ግጥም ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከዋኙ፣ አድማጩና አውዱ ናቸው። ከዋኟ በእጇ የያዘችው መሣሪያ ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው የአንድ መሣሪያ፣ የእጅ ወፍጮ፣ ታሪክ ነው። በተወለድሁባት በማክሰኝት አንድ የቃል ግጥም ዓይነት ከዚህ መሣሪያ ጋር ኖሮ ከመሣሪያው ጋር ሲሄድ አይቻለሁና።

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው የጤፍ፣ የማሽላና የሽምብራ አገር ነው። ያ ሁሉ እህል ሞሰብ ላይ ከመቅረቡ በፊት የሚያልፈው በአንድ ድንጋይ በኩል ነበር። ከታች በጭቃ መደብ ላይ ዘንበል ብሎ የሚቀመጠው ወፍጮ ነው፤ ከላይ በሁለት እጅ የሚገፋው ደግሞ መጅ። ድንጋዩ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ሲያልቅም ይለወጣል። ቅርጹ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች የዚህ ዓይነት የወፍጮ ድንጋይ ተገኝቷል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 በአንድ ወፍጮ ስለሚፈጩ ሁለት ሴቶች ሲነበብ በልጅነቴ ግራ ይገባኝ ነበር፤ በእኛ ወፍጮ ላይ ለሁለተኛ ሴት ቦታ የለም። ኋላ እንደተረዳሁት በዚያ አገር የነበረው የእጅ ወፍጮ ክብ ሆኖ ሁለት ሰዎች እጀታውን እየተቀባበሉ ሊያዞሩት የሚችሉት ነው። የእኛው ግን የሚገፋና የሚመለስ፣ የአንዲት ሴት ብቻ ነው። ይህ የቅርጽ ልዩነት ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቀላል ነገር አይመስለኝም። ብቻዋን የምትፈጭ ሴት ብቻዋን ታንጎራጉራለች፤ ተቀባይ የላትም፤ የምታናግረው ወይ ራሷን ነው፣ ወይ ድንጋዩን ነው፣ ወይ ፈጣሪዋን ነው።

የሚፈጨው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ ነበር። እኔ ከመደቡ ማዶ ቁርበት ላይ ተኝቼ፣ እናቴ ስትፈጭ እሰማት ነበር። ሁሉንም ግን አልሰማም፤ የድንጋዩ ድምፅ ግማሹን ይውጠዋል። ዛሬ ሳስበው ድምፁ እንደ መጋረጃ ያገለግላት ኖሯል። በቀን፣ በአማትና በባል ፊት የማይነገር ነገር ከዚያ መጋረጃ በስተጀርባ ይነገራል። ስለ ሩቅ አገር የተዳሩ እኅቶች፣ ወታደር ሆኖ ስለ ቀረ ወንድም፣ ስለ አማት ምላስ፣ አንዳንዴም ስለ ሞት ይነገራል። ሰማሁሽ የሚል የለም፤ ቢኖርም ድንጋዩን አሳብቦ ማለፍ ይቻላል።

የስንኙም አወራረድ ከመጁ አካሄድ ጋር የተያያዘ ነበር። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች እንዳሉት የታወቀ ነው። በሰማኋቸው እንጉርጉሮዎች ፊተኛው ሐረግ ከግፊቱ ጋር ይወጣል፤ ኋለኛው መጁ ሲመለስ ይወርዳል። ድካሙ ሲበረታ ቀለሞቹ ይሳባሉ፤ ሽርክት ሲሆን ዜማው ይፈጥናል፤ ዱቄቱ መላም ሲጀምር ደግሞ ይረጋጋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ግጥም ከመጁ ለይቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ምን ያህል እንደሚያጎድለው አንባቢ ይገምት።

ይህን ስል የእጅ ወፍጮን ዘመን ማሞገሴ አይደለም። የፈጪ ጉልበትና ወገብ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው አያሞግሰውም። የታሪክ መጻሕፍትም ለዚህ ጉልበት ተገቢውን ቦታ ሰጥተውታል ለማለት አልደፍርም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ስላስቀለጡት ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ብዙ ተጽፏል። መድፉን በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የጎተተው ሠራዊት ግን ስንቅ ይበላ ነበር፤ ስንቁም በሴቶች እጅ ይፈጭ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተውም እንዲሁ ነው። መድፉ የሥልጣኔ ምልክት ሲባል መጁ የጓዳ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ሞተር በሰሜኑ አገር በብዛት የተለመደው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ጎንደር ከዚያ ዘመን ፒያሳዋን፣ ሲኒማ ቤቷንና ፖስታ ቤቷን ወርሳለች። ቋንቋችን ደግሞ መኪናን፣ ቡሎንን፣ ፒንሳን፣ ካቻቢቴን፣ ቺንጋን ወርሷል። የሞተር ወፍጮ ከዚህ ሁሉ መካከል የሚለየው ስሙን አለመለወጡ ነው። ድንጋዩ ክብ ሆነ፤ መጁ ቀረ፤ ኃይሉ ከክንድ ወደ ናፍታ ተላለፈ፤ ቃሉ ግን ያው ወፍጮ ነው።

ወደ ገጠሩ የገባው ቀስ እያለ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከታወጀ በኋላ የተቋቋሙት የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየአካባቢው የወፍጮ ቤት ባለቤት እየሆኑ መጡ። ነጋዴውም ተከላቸው። አሮጊቶች አልወደዱትም ነበር። የሞተር ዱቄት ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ እንጀራው ጣዕም የለውም ይሉ ነበር፤ በርበሬ ወይም ብቅል ከተፈጨ በኋላ ጤፉን ያስገባችም ሴት በቤቷ ወቀሳ ይጠብቃታል። በቁና የሚሰፈረውም እህል በወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ወጥቶ በኪሎ መቆጠር ጀመረ። ቢሆንም ተራ ጠባቂው በየሳምንቱ ይበዛ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር ልጥቀስ። በፊት «ፈጨች» ይባል ነበር፤ አሁን «አስፈጨች» ይባላል። «አስፈጨች» የሚለው ግሥ አዲስ አይደለም። ቀድሞ የሚነገረው ግን ገረድ ስላላት እመቤት ነበር። ሞተሩ ድኻይቱን ሴት በሁለት ፊደል ጭማሪ ከእመቤቲቱ ጋር አስተካከላት። በጎንደር አካባቢ የመጣውን ለውጥ በሚመለከት ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ይህች «አስ» የበለጠ የምትናገር ይመስለኛል።

የእንጉርጉሮው ነገርስ? በ1986 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፌ ቴፕ ይዤ ወደ ማክሰኝት ሄድሁ። ወፍጮ ቤት የሚጠብቁ ሴቶች ጨዋታ አላቸው፤ ወሬም ቀልድም ይለዋወጣሉ። ነገር ግን ያ የብዙ ሰው ንግግር ነው፤ የሞተሩም ጩኸት ከንግግር በስተቀር ሌላ ነገር አያስገባም። ወደ እናቴ ተመለስሁና ያንን የሌሊቱን እንጉርጉሮ እንድትለኝ ለመንኋት።

«ምን ልበልህ? ሲፈጩ ነው እንጂ እንዲሁ ተቀምጦ ይባላል?» አለችኝ።

እንደጠፋ፣ ለታሪክ መቅረት እንዳለበት፣ ዩኒቨርሲቲው እንደሚፈልገው አስረዳኋት። ታግሣ ሰማችኝ።

«ጉልበቴ የዳነው እሱ ሲቀር ነው። አንተን ከናፈቀህ ድንጋዩ ያውና፤ ፍጭ!»

ወፍጮው ከጓሮ ተጥሎ ዶሮ ውኃ ይጠጣበት ነበር። መጁን ከአጥሩ ሥር ፈልጌ አገኘሁት። አጥቤ፣ አንድ ጭብጥ ማሽላ አድርጌ፣ ቴፑን ከፍቼ ተንበረከክሁ። እህሉ ወዲያና ወዲህ ይረጫል እንጂ አይፈጭም። ጥቂት ቆይቶ ክንዴ ዛለ። ያን ካሴት እስከ ዛሬ አኑሬዋለሁ። መጀመሪያ የሚሰማው የድንጋይ መፋተግና የእኔ ቁና ቁና መተንፈስ ነው፤ ቀጥሎ የእናቴ ሣቅ፤ ከዚያ «ተነሥ ወዲያ» የሚል ድምፅ። ከዚያ በኋላ የድንጋዩ ድምፅ ይለወጣል፤ ይስተካከላል። ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ፣ መለስ ይላል። ከስድስት ወይም ከሰባት ግፊት በኋላ ዜማው ይገባል።

ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ሰው የሚፈጭበትን ትቶ ድንጋይ ፍለጋ ስለ መጣ አንድ ተማሪ የተገጠመ ነው፤ በእኔ ላይ የተባለ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ቆም ብላ ቴፑን እንድዘጋ አዘዘችኝ። ወፍጮ ቤት ያስቀመጠችው ጤፍ ተራው ደርሶ ነበር።