ቀንና ሰዓትን በጽሑፍ ስለ መግለጥ፤ ከዜና መዋዕል እስከ ኮምፒዩተር

ታሪክ ያለ ዕለት አይጸናም። የአንድ ነገር ቀን በትክክል ካልተጻፈ፣ ተከታዩ ትውልድ የትኛው እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ ሊፈርድ አይችልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ በአገራችን ቀንና ሰዓት የሚጻፍበት ልማድ ወደ ኮምፒዩተር ቋንቋ ሲገባ ምን እንደሚያጋጥመው ነው።

የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ዘመንን ሲጽፉ ባዶ ቁጥር ብቻ አላኖሩም፤ ዓመተ ዓለም ወይም ዓመተ ምሕረት መሆኑን ይለያሉ፤ ብዙ ጊዜም የወንጌላዊውን ስም ይጨምራሉ። ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል 3 ቢተርፍ ዘመኑ የሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። እንግዲህ የወንጌላዊው ስም የዓመቱ ቁጥር መፈተኛ ነው ማለት ነው። በሽንዲና በቡሬ ገጠርም ቀን በበዓል ስም ይጠራል፤ «በየካቲት ጊዮርጊስ» ያለ ሰው የካቲት 23 ማለቱ እንደ ሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቃል።

የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ግን ከሌላ ልማድ የተወለዱ ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደረጃ የወጣለት የሲ ቋንቋ ወርን ከ0 እስከ 11 ይቆጥራል፤ ለጳጉሜን ስፍራ አልተወላትም። የዩኒክስ ሰዓት ሴኮንድ መቁጠር የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ይኸውም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ የወሮቻችንን ስም በኮምፒዩተር መጻፍ ቀሏል። ነገር ግን ስሙን መጻፍና ቀኑን ማስላት ሁለት ነገር ነው። የግእዝ አኃዝም ዜሮ ስለሌለው (2000 ፳፻ ተብሎ ይጻፋልና) አኃዙን በአኃዝ መተካት ብቻ አይበቃም።

ለዚህ የዓድዋ ድል ጥሩ ምስክር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ዘንድ ማርች 1 ቀን 1896 ነበረ፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ምክንያቱም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ሲኖራት፣ የእኛ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የመጨመር ሥርዓት አልተቋረጠም። የዛሬውን ልዩነት ይዞ ወደ ኋላ የሚያሰላ ፕሮግራም ድሉን በአንድ ቀን ያዘገየዋል።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከሰዓቱ ላይ 6 መቀነስ ቀላል ነው። ነገር ግን ማሽኑ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ሲለውጥ፣ ሕዝባችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ይለዋል። ይህ አነጋገር ሁለቱንም ቀን ስለሚያሳይ ስሕተትን ይከላከላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ፕሮግራሙ በውስጡ አንድ ቆጠራ ብቻ ይዞ፣ ወደ ጽሑፍ ሲያወጣው ብቻ እንደየአቆጣጠሩ ቢተረጉመው፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውንም ምልክት ከቶ ባይተው የሚሻል መሆኑን ነው። ከሽንዲ ለትምህርት የሚወጣ ልጅ የልደት ዘመኑ ያለ ምልክት ተጽፎ እንደ አውሮፓውያን ቢነበብ፣ በዕድሜው ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመርበታል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች የዘመኑን ስም ከቁጥሩ ጋር ማኖራቸው ዛሬም የሚጠቅም ጥበብ ነው።