ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫና ቅጽበታዊ ትርጉም በላሊበላ ጉብኝቶችና የምክክር መድረኮች

በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ተራሮች መካከል የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናትን የያዘች ስትሆን፣ ቅርሶቹ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ወደ ስፍራው የሚሄደው እንግዳ ጎብኚ ብቻ አይደለም። የጥገና ባለሙያዎች፣ ዲፕሎማቶች፣ ተመራማሪዎችና ከፌዴራልና ከክልል የሚላኩ የሥራ ኃላፊዎች ከካህናቱና ከነዋሪው ጋር በቅርሱ አያያዝ ላይ ይመክራሉ። ተናጋሪና አድማጭ በአንድ ቋንቋ በማይግባቡበት በዚህ ዓይነት መድረክ አስተርጓሚ ሊያገለግል የሚችልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ተናጋሪው ጥቂት ብሎ ሲያቆም አስተርጓሚው ተቀብሎ የሚናገርበት ተከታታይ ትርጉም ነው። አስተማማኝ ቢሆንም ጊዜውን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ቅጽበታዊ ትርጉም ሲሆን፣ አስተርጓሚው ተናጋሪውን እየሰማ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ወደኋላ ቀርቶ በማይክሮፎን ይናገራል፤ አድማጩም ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1945 በጀመረው የኑረምበርግ የጦር ወንጀለኞች ችሎት ነው። ችሎቱ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ ይካሄድ ስለነበር፣ ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት እየበራ እንዲቀንስ ይደረግ ነበር። ያ መብራት ዛሬም በብዙ ስብሰባዎቻችን ቢኖር አይጠላም።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውና በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ለብዙ ቋንቋ ጉባኤ የታሰበ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንግግራቸውን ያሰሙት በአማርኛ ነበር። በድርጅቱ ደንብ መሠረት ከይፋዊ ቋንቋዎቹ ውጭ የሚናገር ተወካይ ትርጉሙን ራሱ ማቅረብ ይኖርበታል።

በአዳራሽ ውስጥ የአስተርጓሚው ክፍል፣ ሽቦውና ማዳመጫው በቋሚነት የተተከሉ ናቸው። ለጉብኝትና ለመስክ ውይይት የሚውለው ገመድ አልባ መሣሪያ ግን በአንድ ሻንጣ የሚያዝ ነው። ተናጋሪው ወይም አስተርጓሚው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ማስተላለፊያ ከነማይክሮፎኑ፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ አድማጭ የሚታደል መቀበያ ከነማዳመጫው ይገኝበታል። ሁለት አስተርጓሚዎች ሁለት ቻናል ይዘው ለሁለት ቋንቋ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አድማጩ የሚፈልገውን ቻናል መምረጥ ብቻ ይበቃዋል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው ዓይነት ድምፁ ከክፍሉ ስለማይወጣ ለምስጢራዊ ስብሰባ ይመረጣል። ሆኖም ብርቱ የፀሐይ ብርሃን ስለሚያውከው ለላሊበላ ደጃፎች አይሆንም፤ ለዚያ የሚያገለግለው በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ነው።

ሬዲዮውም ቢሆን የላሊበላ አለት ይፈትነዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ታች ተቆፍረው የተሠሩ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው ዙሪያውን በተፈለፈለ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የሚያደርሱት መተላለፊያዎች ጠባብና ጠመዝማዛ ሲሆኑ፣ ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ፍጹም ጨለማ ነው። በሜዳ ላይ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ያለ ችግር የሚሰማ ድምፅ፣ መንገዱ ሲታጠፍና አለት መካከል ሲገባ ይቆራረጣል። ስለሆነም የቡድኑ መሪ ማስተላለፊያውን ይዞ ቀድሞ ከመሄድ ይልቅ ሁሉም እስኪደርሱ ጠብቆ ቢናገር ይሻላል። በዋሻው ውስጥ «ደረጃ አለ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ» የሚለው ቃል ለኋለኛው ሰው ካልደረሰ ጉዳቱ የትርጉም ብቻ አይሆንም።

መሣሪያውን በላሊበላ አስፈላጊ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ቤተ መዘክር ሳይሆኑ ጸሎትና ቅዳሴ የሚካሄድባቸው ናቸው። አስጎብኚ ለ20 ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ አጠገቡ ዳዊት የሚደግም መነኩሴ ወይም ከሩቅ በእግሩ የመጣ ምእመን ይታወካል። ማዳመጫ ሲኖር ግን በለሆሳስ መናገር ይበቃል። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በቡድን የሚገቡ ጎብኚዎች ማዳመጫ እንዲጠቀሙ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። በገና በዓል ሰሞን፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ በሚዜምበት ዕለት፣ ማንኛውም መሣሪያ ቢቀር ይመረጣል፤ ያ ሥርዓት ሊታይና ሊሰማ እንጂ እላዩ ላይ ሊወራበት የሚገባ አይደለም።

በምክክር መድረክ ላይ ደግሞ ማዳመጫው ለማን እንደሚታደል ማሰብ ይገባል። የተለመደው ለውጭ እንግዶች ብቻ ማደል ነው። በዚህ አሠራር እንግዳው ሁሉን ይሰማል፤ ካህኑና ነዋሪው ግን እንግዳው የተናገረውን በስብሰባው ማብቂያ ላይ በአጭሩ ቢነገራቸው ነው። የላሊበላ የቅርብ ታሪክ ይህ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ቅርሱን ከዝናብ እንዲከላከሉ የታሰቡ ቢሆኑም፣ ክብደታቸው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ያሰጋል የሚለው የነዋሪው ቅሬታ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ሰላማዊ ሰልፍ ደርሷል። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከተማዋን ጎብኝተው በጥገናው የመተባበር ስምምነት ተጀምሯል። የመሐንዲሱን ቃል በሙሉ ያልሰማ ካህን ሐሳቡን በሙሉ ሊሰጥ አይችልም። መቀበያው ለሁለቱም ወገን እንዲበቃ ሆኖ፣ አንዱ ቻናል ወደ ውጭው ቋንቋ፣ ሌላው ወደ አማርኛ ሊያስተላልፍ ይገባል።

መሣሪያው ድምፅ ያደርሳል እንጂ አይተረጉምም። ስለዚህ በጀት ሲያዝ ከማዳመጫው በፊት የአስተርጓሚው አበል ሊታሰብ ይገባዋል። ቅጽበታዊ ትርጉም አድካሚ በመሆኑ ሁለት ባለሙያዎች በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው እየተፈራረቁ ይሠሩታል፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ማድረግ ከሰዓት በኋላ ስሕተት እንዲበዛ መፍቀድ ነው። ድምፅ የሚከልል ክፍል በሌለበት በተንቀሳቃሽ መሣሪያ ብቻ መሥራትም ለጉብኝትና ለአጭር ስብሰባ እንጂ ለረጅም ጉባኤ አይመከርም።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡም ለአስተርጓሚው ፈተና ነው። «መጠለያውን በሚቀጥለው የበጋ ወራት ከባለሙያዎች ጋር በመሆን ለማንሳት» ብሎ የጀመረ ኃላፊ «ተወስኗል» ይበል «አልተወሰነም» የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። አስተርጓሚው እስከዚያ መጠበቅ ወይም መገመት ይኖርበታል። «ሲሆን» እና «በመሆኑም» እየተባለ የሚራዘመው የመሥሪያ ቤቶቻችን ንግግር፣ ይህ ጽሑፍም ጭምር፣ በዚህ ረገድ የሚመሰገን አይደለም። አጭር ዓረፍተ ነገር መጠቀምና የጽሑፍ ንግግርን አስቀድሞ ለአስተርጓሚው መስጠት ብዙ ችግር ያቃልላል።

የቃላት ዝግጅትም እንዲሁ አስቀድሞ መደረግ አለበት። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው፤ ሦስቱንም «የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ» ብሎ የሚያልፍ አስተርጓሚ፣ ባለሙያው የት መግባት እንደሚፈቀድለትና የት እንደማይፈቀድለት ሳያውቅ እንዲቀር ያደርገዋል። በተቃራኒው በኩል የአለቱ መሰንጠቅ፣ መሸርሸርና እርጥበት መሳብ ለመሐንዲሱ የተለያዩ ችግሮች ሲሆኑ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ካህናቱና ባለሙያዎቹ የሚስማሙበት የአንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር ከስብሰባው በፊት ቢዘጋጅ ይበጃል።

የትርጉም ጉዳይ የውጭ እንግዳን ብቻ የሚመለከትም አይደለም። ከላስታ አጎራባች የሆነው የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ነዋሪዎች ኽምጥኛ ይናገራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አጎራባች ወረዳዎች በጋራ በሚመክሩበት ጊዜ ይኸው ሻንጣ ለአማርኛና ለኽምጥኛ ያገለግላል።

መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ የሚጠቀም በመሆኑ፣ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ዓይነቱና የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሥልጣን በተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በኩል መጣራት አለበት። ባትሪዎቹ ከዋዜማው ጀምሮ ከተማ ላይ መሞላት ይኖርባቸዋል፤ በተለይ ጉዞው በዋሻ ውስጥ ወደተሠራው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሆነ መጠባበቂያ መያዝ ግድ ነው። ከጆሮ ጋር የሚነካካው ክፍል ከእያንዳንዱ ቡድን በኋላ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። መቀበያዎቹ በቁጥር ታድለው በቁጥር ይሰበሰባሉ፤ ለዚህም ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሠራተኛ ከመነሻው በስም መመደብ አለበት።